የልጄን ዱዓ ለሹም ሰጠሁት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰልፍ ለመውጣት ሰልፈኛ መሆን አያስፈልግም። አስፋልት ዳር መቆም ይበቃል!

አታምኑኝም? እንግዲያው የራሴን ልንገራችሁ። በለውጡ ሰሞን ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ባንዲራ ይዤ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ እዚያው ቀረ። በጦርነቱ ሰሞን ደግሞ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ ወረፋው በሙሉ ተነስቶ ሄደ። ቦታዬን እንዳላጣ ተከትዬ ሄድኩ። ኳስ ሜዳው ደርሰን ሰዉ እጁን ሲያነሳ ነው ሰልፍ መሆኑ የገባኝ። እኔ እጄን አላነሳሁም። ጤፌን አቅፌ ነበራ!

የከተማችን ነገር እንዲህ ነው። ያለችን ዋና መንገድ አንዲት ናት፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ የምታሳልፈው። አውቶቡሱም፣ ባጃጁም፣ ፍየሉም፣ ሙሽራውም፣ ሬሳውም፣ ሰልፉም በእሷው ነው። ከቤቱ የወጣ ሰው ከነዚህ አንዱን መሆኑ አይቀርም። እኔ እስካሁን ከሬሳው ተርፌያለሁ፤ አልሀምዱሊላህ።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ከእነዚያ ሁሉ የባሰ ነው። እነዚያን ጊዜ ሰልፉ ነው እኔን ይዞኝ የሄደው። በዚህኛው... እኔ ነኝ ሰልፉን ይዤው የሄድኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ልጄ ዘምዘም ዓረብ አገር የሄደችው ለውጡ በመጣበት ዓመት ነው። በደላላ፣ በእግር፣ ከዚያም በባሕር። በሄደችበት ዋዜማ ተጣላን። እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ አልናገርም። ያን ዕለትም የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ከሄድሽ የኔን ዱዓ እንዳትጠብቂ!"

ጧት ስነሳ መኝታዋ ባዶ ነበር።

በእኛ አገር ሰው መንገድ ሲወጣ እናቱ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ታደርግለታለች። ደሴ አድሮ ለሚመጣ ሰው እንኳን ይደረጋል። የኔ ልጅ ግን ባሕር ልትሻገር ያለ ዱዓ ወጣች። ለዚያውም እኔው ከልክያት።

"በስልክ አታደርጊላትም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ሞከርኩ እኮ! የዘምዘም ስልክ የሚደወለው አሠሪዋ ሸለብ ሲያደርጋት ነው። "እማ ደህና ነሽ? ደህና ነኝ... ነቃች!" ጠቅ። በዚህ መሀል ምን ዱዓ ይገባል? ዱዓ መዳፍ ይፈልጋል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈልጋል፣ አሚን ይፈልጋል።

ከዚያ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልልም፤ እናንተም ነበራችሁበት። ብቻ እኔ በእነዚያ ቀናት የፈራሁት ሞትን አልነበረም። ያቺን አንዲት ንግግሬን ሳልመልስ መሞትን ነበር።

የስልክ መስመሩ በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የገባው የእሷ ድምፅ ነው።

"እማ... አለሽ?"

"አለሁ።"

ያን ቀን ለጌታዬ ቃል ገባሁ። ይህችን ልጅ በሰላም ካገናኘኸኝ፣ ቤት እስክትገባ እንኳን አልጠብቅም፤ ከመኪና እንደወረደች፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ በድፎ ዳቦና በለምለም ቄጠማ ተቀብዬ የከለከልኳትን ዱዓ እሰጣታለሁ አልኩ። ከከተማው ሁሉ መጀመሪያ የምታየውም የኔን ፊት ይሆናል።

እንግዲህ ዱዓውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቃል የማይበዛለት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይሸመድዳል! ሰግጄ ስጨርስ አንድ መስመር እጨምራለሁ፣ አንድ መስመር እቀንሳለሁ። ዘምዘም በዚያ በጠቅታ ስልክ ከነገረችኝ መከራ እያንዳንዷን እያነሳሁ አስገባሁበት። በመጨረሻ እንደ ተማሪ ቤት መዝሙር ሳልደናቀፍ የምለው ሆነልኝ።

ይህን ያዙልኝ፤ በሕይወቴ ያለኝ የተዘጋጀ ዱዓ እሱ ብቻ ነው። ኋላ ይጠቅማችኋል።

የመምጫዋ ቀን ደረሰ። ከደሴ ደወለች። "እማ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ!" ድፎ ዳቦው ከነኮባው ሰፌድ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ብርቄ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ አጭዳ በእቅፏ ሙሉ ይዛ መጣች። ብርቄ ክርስቲያን ናት። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጓዳ ውስጥ ተሸሽገን እሷ ማርያምን እኔ ነቢን ስንጠራ ከርመናል፤ ከዚያ ወዲህ የእኔ ጉዳይና የእሷ ጉዳይ አይለይም።

ነጭ ቀሚስ ለበስኩ፤ ነጭ ሻሽ አሰርኩ፤ ነጭ ነጠላ ደረብኩ።

"አቤት! ሙሽራ አልመሰልሽም?" አለች ብርቄ።

"ቄጠማውን ያዢና ውጪ።"

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሰው ግጥም ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን ተገኘ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ምን አልኩ? "ማሻአላህ! የዘምዘምን መምጣት ሰው ሁሉ ሰምቷል!"

ትስቃላችሁ... እናት ሁኑና እዩት!

ለካ ከላይ ትልቅ ሹም ሊመጣ ኖሯል። በጦርነቱ የተጎዳች አንዲት ጤና ጣቢያ ታድሳ ሊከፍታት። ፈረሶች በጥልፍ ልብስ ተሸፍነው ቆመዋል። ባለ ድቤዎች ድቤያቸውን አንግተዋል። በመሀላቸው ሰይድ ፊሽካውን እየነፋ ይሯሯጣል። ሰይድን የማያውቅ የለም፤ ሠርግም ሰልፍም ያለ እሱ ፊሽካ አይሆንም። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትንፋሹ ግን ያው ነው። ዞር ሲል አየኝ። ከላይ እስከ ታች። ነጭ ልብስ... ዳቦ... ቄጠማ... ፊቱ ቦግ አለ!

"እሰይ! የት ቆይታችሁብኝ ነው እናንተ? እንግዳው ቦሩ ሜዳን አልፏል እኮ!"

"ሰይድ፣ እኔ እኮ..."

"በኋላ እማማ፣ በኋላ! ወደ ፊት ይቅረቡ!"

ነገሩ ወዲህ ነው። በወሎ እንግዳ ሲመጣ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ አዲስ ነገር ሲጀመር ዱዓ የሚያደርጉ ትልልቅ እናቶች አሉ፤ ዱበርቲ እንላቸዋለን። ሰይድ ከገጠር አንዲት የታወቁ ዱበርቲ አስጠርቶ ነበር። በመልክ አያውቃቸውም። እሳቸውን የያዘችው ባጃጅ ደግሞ "መንገድ ተዘግቷል" ተብላ ከከተማው ጫፍ ቆማለች። መንገዱን ማን አስዘጋው? ሰይድ!

"እኔ ልጄን ልቀበል ነው የመጣሁት" አልኩት ረጋ ብዬ።

"የሁላችንም ልጅ ነው እማማ! ከሕዝብ የወጣ ልጅ ነው!"

ብርቄን ዞር ብዬ አየኋት። እንድትገላግለኝ ነበር።

"ቁሚ እንጂ!" አለችኝ። "ከፊት ከሆንሽ እኮ ዘምዘም ቶሎ ታይሻለች።"

ይህ አሳመነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ከፊት ቆምኩ። ከኋላዬ ሰይድ ባለ ድቤዎቹንና ፈረሰኞቹን እየሰበሰበ ሲያዝዝ ይሰማኛል። "እንዳትሳሳቱ! ዳቦው በሄደበት ሂዱ! ሌላ ነገር እንዳታዩ፤ ዳቦውን ተከተሉ!"

መኪኖቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... መስታወታቸው ጥቁር። ከእነሱ ኋላ ትራፊኩ ያቆማቸው የሕዝብ መኪኖች ተደርድረዋል። ከመሀላቸው አንድ ሚኒባስ፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ የተከመረበት። የዓረብ አገር ሻንጣ ከሩቅ ይታወቃል፤ በገመድ ሳይሆን በፕላስተር ነው የሚታሰረው። ልቤ ዘለለ። ከእኔ እስከ ልጄ መቶ እርምጃ አይሞላም። አምስት ዓመት ጠብቄ መቶ እርምጃ ሲቀረኝ ሹም ገባበት!

ሹሙ ወረደ። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ይሆናል። ሱፍ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው። ጎንበስ ብሎ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሰይድ ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደቀነው።

"እማማ፣ ዱዓ!"

ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ሹሙም ዳቦውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። በእኛ አገር አንዴ መዳፍ ከተዘረጋ ዱዓ ሳይደረግ አይታጠፍም። ሌላ ቃል ልፈልግ ብል አላገኘሁም። ያለኝ ዱዓ አንድ ነው ብያችኋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። "አንቺ" የሚለውን "አንተ" አደረግሁት፤ ከዚያ የበለጠ ለማስተካከል ጊዜ አልነበረኝም።

"እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ!"

"አሚን!" አለ ሕዝቡ።

እስከዚህ ደህና ነው።

"ከሰው ቤት ግርድና ያውጣህ!"

"አሚን!"

"የሰው ምንጣፍ ከማራገፍ፣ የሰው ሽንት ቤት ከመፈግፈግ ይገላግልህ!"

"አሚን!"

አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። ሹሙ የራሱን እጆች እያየ ነው። አብረውት የመጡት ሰዎች ይተያያሉ። ሰይድ ማይክሮፎኑን ሊነጥቀኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ምን ያድርግ? የተጀመረ ዱዓ አይቋረጥ! ደግሞም እሱ ራሱ አሚን እያለ ነበር። የወሎ ሰው ዱዓ ሲሰማ አሚን ይላል፤ ምን እንደተባለ የሚያስበው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እኔም ቀጠልኩ።

"ፓስፖርትህን ደብቆ የያዘብህ ሁሉ እጁ ይላላ!"

"አሚን!"

"ሰው እየሸጠ የሚበላ ደላላ ከፊትህም ከኋላህም ይጥፋ!"

"አሚን!!"

አቤት ይህኛው አሚን! የሐይቁ ወፎች ተነስተው በረሩ። ስንቱ ልጁን ለደላላ የሰጠ ሰው ከመሀላችን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

"የመጣህበት መንገድ ይዘጋ! ዳግመኛ ወደነበርክበት አይመልስህ!"

ሹሙ ዘወር ብሎ የደሴን መንገድ አየ። ሾፌሩንም አየ። ከዚያ "አሚን" አለ፤ ቀስ ብሎ።

"ትዳር ይስጥህ! እናትህ በእልልታ እንድትድርህ ያብቃት!"

"አሚን! እልልልልል!" እልልታዋ የብርቄ ናት። ሹሙ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ለካ ላጤ ኖሯል!

የመጨረሻዋ መስመር ቀረች። ከዱዓው ሁሉ አጭሯ እሷ ናት፤ ብዙ የደከምኩባትም እሷ ናት። ሕዝቡ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሹም ፊት መቆሜን ረሳሁት።

"ያለ ዱዓ የሰደደችህን እናትህን... አፉ በላት።"

አሚን የሚል ጠፋ። ሹሙ መነጽሩን አወለቀ።

ከዚያ ከኋላ፣ ከቆሙት መኪኖች በኩል፣ ከሕዝቡ ሁሉ ዘግይቶ አንድ አሚን መጣ። ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

"አሚን... እማ!"

አምስት ዓመት በጠቅታ ስልክ የሰማሁትን ድምፅ አላጣውም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ማይክሮፎኑን ለሰይድ ወረወርኩለት አሉ። ዳቦውን ከሹሙ እጅ ላይ ቀማሁት አሉ! "አፉ በለኝ ጌታው፤ የልጄ ነው" ብያለሁ አሉ። ይህን እንኳን አምናለሁ፤ ስቀማም በአግባቡ ነው የምቀማው። ከዚያ ነጠላዬን አዘናፍዬ፣ ሰፌዱን አቅፌ፣ በጥቋቁሮቹ መኪኖች መሀል ሮጥኩ። ከልጅነቴ ወዲህ ሮጬ አላውቅም ነበር።

ባለ ድቤዎቹስ? "ዳቦውን ተከተሉ" ተብለው የለ! ተከተሉ። ፈረሰኞቹም ባለ ድቤዎቹን ተከተሉ። ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው ፈረሶቹን ተከተለ። ሹሙም አስፋልት መሀል ብቻውን ቆሞ ከሚቀር መቅረጫውን ተከተለ። ሕዝቡ ሹሙን ተከተለ። ሰይድ ከኋላ "ወዲያ አይደለም! በአላህ ወዲያ አይደለም!" እያለ ፊሽካውን ያንጣጣል። ፊሽካ ደግሞ አቅጣጫ አይናገርም፤ ሰዉ "ፍጠኑ" የተባለ መስሎት ሩጫውን ጨመረ።

የሚኒባሱ በር ተከፈተ። ዘምዘም ወረደች። ቀጥናለች። እጆቿ ሸካራ ሆነዋል። ዓይኖቿ ግን ያው የኔ ዘምዘም ናቸው። እኔን አየች። ከእኔ ኋላ ፈረሶቹን አየች። ድቤውን፣ መቅረጫውን፣ ሱፍ የለበሰውን ሰውዬ፣ ከተማውን ሙሉ አየች።

"እማ... ይሄ ሁሉ ሰው ለኔ ነው?"

"አዎ" አልኳት።

"ዋሸሽ!" እንዳትሉኝ። ዳቦው የእሷ ነው። ዱዓው የእሷ ነው። ሰዉ የመጣው ዳቦውን ተከትሎ ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዳቦው በመሀላችን ተጨፍልቆ ቀረ። ብርቄ ደርሳ ቄጠማውን በላያችን ላይ በተነችው።

"ሰማሽው?" አልኳት ጆሮዋ ላይ።

"በስፒከሩ ሰማሁት። አንድ በአንድ አሚን እያልኩ ነበር።"

"ለአንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ሽንት ቤቱ ላይ ስትደርሺ" አለችና ሳቀች፤ እየሳቀችም አለቀሰች።

ቀና ስንል ሹሙ አጠገባችን ቆሟል። ሰይድ ከጎኑ ላቡን ይጠርጋል፤ መሬት ብትከፈት የሚገባ ነው የሚመስለው። ሹሙ ግን አልተቆጣም። "ቁራሽ ይደርሰኛል?" አለ። ዘምዘም ከተጨፈለቀው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። ቁራሹን ይዞ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እማማ፣ እናቴን ካየኋት ቆየሁ።"

"ሂድና እያት" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? የተዘጋጀው ዱዓ አልቋል።

ጤና ጣቢያዋ በዚያው ዕለት ተከፈተች። ባጃጇም ተለቀቀችና ትክክለኛዋ ዱበርቲ ደርሰው ሥራውን በወጉ ፈጸሙት። ሰይድ ለእሳቸው ማይክሮፎን ከመስጠቱ በፊት "እማማ፣ ምን ሊሉ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው አሉ። እሳቸውም በምርኩዛቸው ቂጡን ቸብ አደረጉት አሉ። አላየሁም፤ የነገረችኝ ብርቄ ናት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደህና ነበር። ዳሩ የአንድ ከተማ ሕዝብ አሚን ያለው ዱዓ እንዲሁ አይቀርም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ወሬ መጣ። ሹሙ ከወንበሩ ተነስቷል! ወደነበረበትም አልተመለሰም። አገሩ ገብቶ እናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሌላ ወሬ... አገባ! እናቱ በእልልታ ዳረችው።

ይህ ወሬ አምባሰልን ዳር እስከ ዳር ደረሰ። አንድ ቀን ከውጫሌ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ደጄ ድረስ መጡ። ተቀመጡ፤ ውኃ ጠጡ፤ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"የዘምዘም እናት፣ እኛም ዘንድ አንድ ኃላፊ አለ... ሰውየው ደግ ነው፤ ክፉ አንመኝለትም። ብቻ ያቺን ዱዓ መጥተሽ ብታደርጊለት ብለን ነው።"

ዱዓዋ ባለቤት አላት፤ አላውሳትም አልኳቸው። አዝነው ሄዱ።

ባለቤቷ ግን ቅር ብሏታል። ዘምዘም ዛሬ አስፋልቱ ዳር ልብስ ስፌት ከፍታለች። ፓስፖርቷ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወደዚያ መመለስ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሁሉም ደርሶላታል፤ አልሀምዱሊላህ! አንዲቱ መስመር ስትቀር።

"እማ፣ የኔን ትዳር እኮ ለሰውዬው ሰጠሽው!" ትለኛለች ክሯን በመርፌው ቀዳዳ እያስገባች። "በካሜራ ፊት ሰጠሽብኝ!"

ስለዚህ አሁን በየጧቱ፣ ለሥራ ስትወጣ፣ ደጃፉ ላይ አቆማትና መዳፌን ዘርግቼ ዱዓዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እላታለሁ። በስፒከር አይደለም፤ ለብቻዋ። ግርድናውንም፣ ደላላውንም፣ አፉ በላትንም ሳልዘል። "እማ፣ ረፈደብኝ!" ትላለች፤ ግን መዳፏን አታጥፍም። ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ "አሜን!" ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ነገር ታዘብኩ። በዚያ ሰሞን አንድ ጨዋ የውጫሌ ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። ማግስቱን ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። አሁን ረጅም ሱሪ የቀረው አይመስለኝም።

በበነጋው ጧት ዱዓዬን ሳደርግ፣ ትዳሩ ላይ ስደርስ፣ ልጄ ከሌላው ጊዜ ትንሽ ጮክ ብላ "አሚን!" አለች።

እኔም ያቺን መስመር ብቻ ደገምኳት።